የወንድምሽ ቀኝ እጅ

ጥቅምት 11

ለምወድሽ እታለም፣

ሰላምታዬ በሩን ሳያንኳኳ ይግባ። አንቺንም፣ ወንድሜን ጋሼንም፣ ልጃችሁንም በያላችሁበት አምላክ ይጠብቅልኝ፤ የታመመውን ያንሳልን፣ የደከመችውን ያበርታልን። እኔ ከእግር ድካም በቀር ደህና ነኝ።

በስልክ ማውራት ትቼ ወደ ወረቀት የዞርኩት ወድጄ አይደለም። ባለፈው ስደውል የሰው ቤት የተቀመጥሽ ትመስይ ነበር። "አዎ"፣ "እሺ"፣ "ደህና ነው"፣ ከዚያ በላይ ቃል አላወጣሽም። ጋሼ አጠገብሽ ተኝቶ እየሰማ ስለ እሱ መነጋገር እንደማይመች ኋላ ነው የገባኝ። ስለዚህ እንደ ድሮው እጽፍልሻለሁ። አንቺም ከሥራ ቦታሽ፣ በምሳ ሰዓትሽ ጻፊልኝ።

እኔ የምሠራበት የሆስፒታል ክፍል እንደ ጋሼ ስትሮክ የመታቸው ሰዎች እጃቸውን እንደገና የሚያለማምዱበት ነው። ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ኩባያ፣ የእንጨት ቁርጥራጭ፣ የልብስ መቆንጠጫ፣ ፎጣ። ሥራዬ ኩባያውን ማስቀመጥ፣ የወደቀውን ማንሳትና "ጎበዝ" ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ጎበዝ ስል ውዬ አንዳንዴ አውቶቡስ ላይ ወንበር የለቀቀልኝን ሰው ሁሉ ጎበዝ እለዋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ መሣሪያ መጣልን። በመዳፍ የምትያዝ ትንሽ ሳጥን ናት። ከእሷ ቀጭን ገመድ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ያለችው መቆንጠጫ ግራ ጆሮ ላይ ትቀመጣለች። አትወጋም፣ አትቆርጥም። ቁልፏ ሲጫን ጆሮን ትንሽ ትነዝራለች፣ ጉንዳን የሄደበት ያህል። ፊዚዮቴራፒስቷ እንዳስረዳችኝ በዚያ ቦታ ከቆዳው ሥር የሚያልፍ፣ ወደ አንጎል የሚገባ ነርቭ አለ። አንጎል እጅን ለማዘዝ በሚታገልበት ሰዓት ያ ነርቭ ሲነካ፣ አንጎል ይነቃና እንቅስቃሴውን አጥብቆ ይይዘዋል ይላሉ። ሁሉንም አያድንም፤ ምንም ያልጠቀማቸው ሰዎች አይቻለሁ። ማንኪያ መያዝ አቅቷቸው መጥተው ሸሚዛቸውን ራሳቸው ቆልፈው የወጡም አይቻለሁ።

አሮጌዎቹ ሲቀየሩ አለቃዬ አንዷን እንድወስድ ፈቀደችልኝ። ወደ እናንተ በሚመጣ ሰው ልኬልሻለሁ። መጀመሪያ ሐኪሙን ጠይቂ፤ ልቡ ላይ ችግር ካለ አይሆንም።

አሁን ዋናውን ልብ በይልኝ። መሣሪያዋ ብቻዋን ምንም አትሠራም። ጋሼ እጁን ለመዘርጋት ሲሞክር፣ ልክ በዚያች ቅጽበት ቁልፉን ተጫኚ። እጁ እሺ አለም እምቢ አለ ሙከራው ይኑር። እጁ ጭኑ ላይ ተኝቶ ብትጫኚው ግን ጆሮውን ከማሳከክ በቀር ትርፍ የለውም።

የሰው በር ሳይቧጭር የሚከፍት እጅ ነበር፣ እታለም። ቁልፍ የጠፋበት ሁሉ "እጀ ወርቅን ጥሩልኝ" የሚለው እጅ። ትራስ ላይ ተጋድሞ እንዳይቀር። አደራ።

ታናሽሽ፣
ሚጡ


ኅዳር 20

ለሚጡ፣

ደብዳቤሽ በሰላም ገብቷል፤ አንቺንም ባለሽበት በሰላም ውለሽ የምትገቢ ያድርግሽ። ከክፉ ዓይንና ከክፉ ቀን ይሰውርሽ። እኛ አለን።

ይህን የምጽፍልሽ ከላውንደሪው ነው፣ የመተኮሻው ጠረጴዛ ጥግ ላይ ተቀምጬ። እንፋሎቱ ወረቀቱን ስላራሰው ጽሑፌ ቢፈርስብሽ ይቅርታ። የሆቴል አንሶላ በጋሪ ይመጣል፣ ተተኩሶ ታጥፎ በጋሪ ይሄዳል። ማን እንደተኛበት አይጠየቅም። ደስ የሚለኝ ሥራ ነው፣ ማንም አያዋራኝም።

ስለ ወንድምሽ ጠይቀሻል። ይበላል፣ ይተኛል። ንግግሩ ጥቂት ነው፤ "ውሃ"፣ "ዝጊ"፣ "ነይ"። እጁ ያው ትራስ ላይ ነው። ጠዋት ሸሚዙን ሳለብሰው ነርሷ እንዳሳየችኝ መጀመሪያ የታመመውን እጅ ነው የማስገባው። በሁለት እጄ ይዤ አነሳዋለሁ። እጅ ይህን ያህል እንደሚከብድ አላውቅም ነበር ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። አውቃለሁ።

ቤቱ ጸጥ ብሏል። ነሐሴ ላይ ከወደቀ ወዲህ እኔ ወፍሬያለሁ። የሥራ ጓደኞቼ አስታማሚ ይከሳል እንጂ ይወፍራል እንዴ እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ቀሚሴን ጎኑን ፈትቼ አሰፋሁት።

ሱቁን ዘግተነዋል። የሱቁ ቁልፍ የት እንደገባ ጠፋና በሩን የሚቆልፍልን ሌላ ቁልፍ ሠሪ ከማዶ ሰፈር ተጠራ። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። ሸሪኩ መጥቶ ለወንድምሽ ሲነግረው እሱ አልሳቀም፣ ወደ ግድግዳው ዞረ።

መሣሪያሽ ደርሳለች፤ ሰውየው ቤት ድረስ አመጣት። እስካሁን አልጀመርንም። መጀመሪያ ሐኪሙ እረፍት ላይ ነበር። ሐኪሙ ሲመለስ ልቡ ደህና ነው፣ ይሞከር አለ። ከዚያ ደግሞ መብራት ጠፋ። መብራት ሲመጣ ሰው በዛብኝ። ቁም ሣጥኑ ላይ በፎጣ ጠቅልዬ አስቀምጫታለሁ፣ አቧራ አይነካትም።

ካልከበደሽ የእጅ ክሬም ላኪልኝ። እንፋሎቱ ጣቶቼን ሰነጣጠቃቸው።

ደህና ክረሚልኝ።
የወንድምሽ ሚስት


ታኅሣሥ 18

ለእታለም፣

ዕድሜና ጤና እንደ ልብሽ ይስጥሽ፤ ቤትሽን በበረከት ያቁምልሽ። ክሬሙን ሁለት ዓይነት ልኬልሻለሁ፤ ወፈር ያለው ለማታ ነው።

"የወንድምሽ ሚስት" ብለሽ መፈረምሽ ግን አስከፋኝ። ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የተራራቅነው? ይሁን፣ ደክሞሽ ነው ብዬ አለፍኩት።

እታለም፣ አትቆጪኝና ቁም ሣጥን ላይ ያለች መሣሪያ ማንንም አታድንም። ጊዜ በሄደ ቁጥር እጁ እየደረቀ፣ ጣቶቹ ወደ ውስጥ እየታጠፉ ይሄዳሉ። በየቀኑ አየዋለሁ። መብራቱንና እንግዳውን እያመካኙ ቆይተው፣ ሰውየውን ክንዱ ደረቱ ላይ እንደተጣበቀ የሚያመጡልን ቤተሰቦች አሉ። ያኔ ኩባያ ብናስቀምጥለት ምን ይረባል?

ትናንት ስደውል ልጅሽ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገችልኝ። "ሚጡ" አለኝ። አንድ ቃል ናት። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ያሳደገኝ ሰው ስሜን ለመጥራት ተራራ የወጣ ያህል ሲያለከልክ ሰማሁት።

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ኩባያው ካሰለቸው ቁልፍ ስጪው። ያረጀ ጓጉንቸር ፊቱ አስቀምጪና ቁልፉን ያስገባ። ፊዚዮቴራፒስቷን ጠየቅኳት፣ ሰው በሚወደው ሥራ ቢለማመድ የበለጠ ይሞክራል አለችኝ። እጁ ሊሄድ ሲል ተጫኚ። ሲያርፍ ተዪው። እንደገና ሲሞክር እንደገና።

ስትጀምሩ ልጅሽ በስልኳ ትቅረጽልኝና ቪዲዮ ላኩልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅም።

ሚጡ ነኝ፣ ያቺው


ጥር 22

ለሚጡ፣

የላክሽው ክሬም ደርሶኛል፤ የሰጠ እጅሽ አይንጠፍ። ወፍራሙን ጠዋትም ማታም እቀባዋለሁ፣ አላስቻለኝም።

ጀምረናል። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ አደርግለታለሁ። ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ፣ መቆንጠጫዋን ጆሮው ላይ አደርጋለሁ፣ ቁልፉን እጫናለሁ። ትንሽ ያሳክከዋል። ስጨርስ ገመዱን ጠቅልዬ አስቀምጣለሁ።

ወሬው ሰፈሩን አዳርሶታል። እጀ ወርቅን በጆሮው በኩል እያከሙት ነው ተብሎ ሰው ሊያይ ይመጣል። ግድግዳውን ተደግፈው ይቀመጡና ጆሮውን ትኩር ብለው ያያሉ። ሸሪኩ እኔ ላይ እየሳቀ ይቺ ነገር ጣቢያ ትስባለች ወይ፣ ዜና እንስማባት አለ። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ በእንባ ሆና እንዲህ ያለች ሚስት ለሁሉም ይስጥ ብላ መረቀችኝ። አሜን አልኳት። ምርቃት ሲመጣ መመለስ ነውር ነው።

ልጄ እሁድ ዕለት ቀርጻዋለች፣ ትልክልሻለች። እሱ ሲቀረጽ ጸጉሩን እንዳበጥርለት በምልክት ጠየቀኝ። አበጠርኩለት።

እጁ ለጊዜው ለውጥ የለውም። አንቺም ሁሉንም አያድንም ብለሻል። እንግዲህ ከተጠቀመ እሰየው፣ ካልተጠቀመም ያለው ነው።

አየሩ በርዶብሻል አሉ። ሹራብ ደርበሽ ውጪ።

ደህና ሁኚ


የካቲት 6

ለእታለም፣

ቸር ወሬ የምሰማበትን ቀን ያቅርብልኝ። ቪዲዮው ደርሶኛል። መጀመሪያ ያየሁት ፊቱን ነው። ከስቷል፣ ግን ጸጉሩን እንዲያ ተበጥሮ ሳየው ሠርግ ሊሄድ የተዘጋጀ መስሎኝ ሳቅኩ። ክፍሉን አየሁት፣ መጋረጃው ያው የድሮው ነው። ከዚያ ደግሜ ሳየው ሌላ ነገር አየሁ።

እታለም፣ ስህተት ሠርታችኋል። እጁ ጭኑ ላይ ተኝቷል። አንቺ ቁልፉን ትጫኛለሽ፣ እጁ ተኝቷል። እንደገና ትጫኛለሽ፣ አሁንም ተኝቷል። ፊት ለፊቱ ኩባያም ጓጉንቸርም የለም። እንዲሞክር የሚለው ሰው የለም። በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ይህን አስጠንቅቄሽ ነበር፣ ምናልባት ደህና አድርጌ አልጻፍኩት ይሆናል።

ይገባኛል። አዝነሽለት ነው። እኛ ጋም ሚስቶች የሚያስቸግሩን በዚህ ነው፤ ባላቸው ሲለፋ ማየት አይችሉም፣ ላቡን ሲያዩ "ተዉት፣ ይረፍ" ይሉናል። የአንቺ ልብ ደግሞ ከድሮም ለእሱ ስስ ነው። ግን እታለም፣ እዚህ ላይ ማዘን ይጎዳዋል። ይልፋ። ያልበው።

አንቺ ከሥራ ደክመሽ ስለምትመጪ ለብቻሽ መተዉ ልክ አልመሰለኝም። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ልጅሽ ጋ ደውዬ አንድ በአንድ አስረዳኋት። ቶሎ ገባት፣ ጎበዝ ናት። በየማታው ከመሥሪያ ቤቷ ስትወጣ እናንተ ጋ ልትመጣ ቃል ገብታልኛለች። አንቺ አሁን ትንሽ እረፊ።

የምትወድሽ፣
ሚጡ


የካቲት 25

ለሚጡ፣

ጤና ይስጥሽ። ሌላው ሰላምታ ለሌላ ቀን ይቆየን።

ስህተት አይደለም። "እጁ ተኝቶ ብትጫኚው ትርፍ የለውም" ብለሽ ጻፍሽልኝ። አነበብኩት፣ ገባኝ፣ እንደዚያው አደረግሁ። የመጀመሪያ ቀን እሱ እጁን ለመሞከር ትከሻው ሲነሳ፣ አትድከም፣ እሷ ራሷ ትሠራለች አልኩት። አመነኝ። ከዚያ ወዲህ አልሞከረም።

ያ እጅ መትቶኛል። ይህን ጽፌው አላውቅም። ስጽፈው ረጅም ነገር የሚሆን ይመስለኝ ነበር፣ ሦስት ቃል ሆኖ አረፈው።

ስካር የለበትም፣ ጩኸት የለበትም። ሥራው ላይ እንደሚጠነቀቅ ነው የሚጠነቀቀው፤ ፊት አይነካም፣ ከእጅጌና ከቀሚስ ውጭ የሚታይ ቦታ አይነካም። ልጃችን ቤት ካለች አያነሳውም። ያን ያህል ጨዋ ነው። ሰው እጀ ወርቅ ሲለው አጠገቡ ቆሜ እሰማለሁ። አልዋሹም፣ እነሱ የሚያውቁት ያንን ነው።

አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ አስብ ነበር። ትምህርትሽን ጨርሰሽ እኛ ጋ የተቀመጥሽበትን ዓመት አስታውሺ። ሬዲዮውን ከፍ ታደርጊ ነበር። አልቀየምኩሽም፣ ልጅ ነበርሽ።

ልቤ ለእሱ ስስ ነው ብለሻል። እኔ አሁን ልቤ ምን እንደሆነ አላውቅም። ሲወድቅ ሮጬ ያነሳሁት እኔ ነኝ። አምቡላንስ እስኪመጣ ራሱን የደገፍኩት እኔ ነኝ። አጥበዋለሁ፣ አጎርሰዋለሁ፣ በክፉ እጅ ነክቼው አላውቅም። ሆስፒታል ሐኪሟ "ቀኝ እጁ ላይመለስ ይችላል" ስትለኝ ሌላው ዘመድ ጮኸ። እኔ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ደስታም አልነበረም፣ ሐዘንም አልነበረም። ወንበሩ ተመቸኝ።

ስልክሽ ከደብዳቤሽ ቀድሞ ደርሷል። ልጄ በየማታው ትመጣለች። ጓጉንቸሩን ጠረጴዛው ላይ ታደርጋለች፣ "አባዬ፣ በል" ትለዋለች፣ ሊገፋ ሲል ትጫናለች። ግንባሩ ላይ ላብ ይወርዳል። ባለፈው ሳምንት አመልካች ጣቱ ተንቀሳቀሰ። ልጄ አለቀሰች፣ እሱም አለቀሰ። እኔ ልብስ እያጣጠፍኩ ነበር፣ ማጠፌን ቀጠልኩ።

ለእሷ አልነግራትም። አባቷን ትወዳለች፣ ለእሷ ደግሞ ጥሩ አባት ነው። አንቺን ግን ታምናለች። ደውለሽ መሣሪያዋ ለእሱ አትሆንም፣ መልሱልኝ በያት። ይህን አድርጊልኝ። ከዚህ በፊት የለመንኩሽ ክሬም ብቻ ነው።

እታለም


ሚያዝያ 27

ለእታለም፣

አምላክ ከአንቺ አይራቅ። ከዚህ ሌላ የምመርቅበት አፍ አጣሁ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። ጀምሬ ቀደድኩ፣ ጀምሬ ቀደድኩ። የሥራ መደቤን ቀየሩብኝ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ አልቀየሩብኝም።

ክፍላችን ውስጥ በጋሼ ዕድሜ ያለ አንድ ሰውዬ አለ። ሚስቱ ናት የምታመጣው፣ ጥግ ወንበር ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ትጠብቀዋለች። ክንዱን ከፍ ባደረገ ቁጥር "ጎበዝ" ልል አፌን ስከፍት ዓይኔ ወደ እሷ ይሄዳል። እሷ ፈገግ ትላለች። ምንም የለም። እኔ ግን አያታለሁ።

ስለ ሬዲዮው የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ።

አባታችን ሲሞት ጋሼ እንደ አባት ሆኖኛል። የትምህርት ቤት ጫማዬን ጎንበስ ብሎ የሚያስርልኝ እሱ ነበር። ይህን የምነግርሽ እንድታዝኚለት አይደለም። እኔ የማውቀው እጅ እሱ ነው፣ አንቺ ደግሞ ሌላውን ታውቂያለሽ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማሰብ አልሆንልኝ አለ።

የጠየቅሽኝን አደርጋለሁ። ነገ ለልጅሽ ደውዬ መሣሪያዎቹ ጉድለት ተገኝቶባቸው ተሰብሰቡ ተብሏል፣ ቶሎ መልሱልኝ እላታለሁ። አትጠራጠርም። ጋሼንም እኔው እነግረዋለሁ። አንቺ ምንም እንዳታወሪ።

ስለዘገየሁ

ሚጡ


ግንቦት 19

ለሚጡ፣

ያሰብሽልኝን አምላክ ይቁጠርልሽ፤ አንቺንም ብቻሽን አይተውሽ። ለልጄ ደጋግመሽ ብትደውዪ አላነሳ እንዳለችሽ ነግራኛለች። አንቺ ላይ ተቀይማ አይደለም። በዚያ ሳምንት የማንንም ስልክ አላነሳችም። ምክንያቱን ከእኔ ስሚው።

ሚያዝያ መጨረሻ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር። እጁ በጣም ተሻሽሎ ነበር፤ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ሁሉ ይገፋል፣ ኩባያ ይይዛል። ልጄ ዛሬ ከፍ እናድርገው ብላ ኩባያውን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። እሱ ወንበሩ ላይ ነው፣ መቆንጠጫዋ ጆሮው ላይ ናት። ፎጣው መሬት ወድቆ ስለነበር እኔ ላነሳው እግሩ ሥር አጎነበስኩ። ልጄ "ከፍ በል አባዬ፣ ከፍ" ስትል ሰማኋት።

እጁ ሲነሳ አላየሁትም። ከዚያ የማውቀው መሬት ላይ እንዳለሁ ነው። ጉልበቴን ሰብስቤአለሁ፣ ሁለት ክንዴ ራሴ ላይ ነው። አልፈራሁም ሚጡ፣ እውነቴን ነው፣ ለመፍራት ጊዜ አልነበረኝም። ክንዶቼ እኔን ሳይጠይቁ ሄደው ነበር።

ቀና ስል እጁ አየር ላይ እንደቆመ ነው። ማንሳት ተምሯል፣ ማውረድ ገና አልተማረም። እንደዚያ እንደቆመ፣ ከነሐሴ ጀምሮ አንድ ቃል ያለ ትግል ሲወጣው ያልሰማነው ሰው ጥርት አድርጎ ተናገረ።

"አልመታሁሽም" አለ።

ምን ሆነች ቢል ኖሮ ልጄ አዙሯት ነው ብላ ታልፈው ነበር። እሱ ግን ያንን አለ። ልጄ እሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ሳጥኗን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። መቆንጠጫዋን ከጆሮው ላይ ቀስ ብላ አወለቀች፣ እጁን ይዛ ጭኑ ላይ መለሰችለት። ከዚያ እኔን ብብቴን ይዛ አነሳችኝና ወደ ጓዳ ወሰደችኝ።

"እማዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"አንቺ ሳትወለጂ" አልኳት።

መሣሪያዋን ልትሰብራት ነበር፣ በጫማዋ ልትረግጣት እግሯን አንስታ ነበር። የከለከልኳት እኔ ነኝ። ለምን እንደከለከልኳት እስክተኛ ድረስ ሳስበው አመሸሁ። ያ እጅ ታሞ እስከተኛ ድረስ እኔ ሰላም ነኝ ብዬ ነበር ቁልፉን በከንቱ ስጫን የከረምኩት። እጁ ከነሐሴ ጀምሮ ለወራት ተኛ። የእኔ ክንዶች ግን አንድ ቀንም አልተኙም ነበር። ከእሱ እጅ መድረቅ ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ውፍረት ነው። እና ይዳን። ለራሱ ይጉረስ፣ ሱቁን ይክፈት። እኔ ግን የሚደርስበት ቦታ ላይ አልቀመጥም።

ይህን ለእሱ የነገርኩት እኔው ራሴ ነኝ። ልጄ እኔ ልንገረው አለች፣ እምቢ አልኳት። ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ከተጋባን ወዲህ እንደዚያ ተቀምጬ አላውቅም፣ ሁልጊዜ ወይ ጎኑ ነኝ ወይ ቆሜ ነኝ።

"ነገ ልጅህ ትወስድሃለች። እጅህን እዚያ ጨርስ" አልኩት።

ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፣ ቃሉ እምቢ አለው። ጠበቅኩት፤ አላጣደፍኩትም፣ አላገዝኩትም። በመጨረሻ "ሸሚዝ" አለ። ሸሚዞቹን ተኩሼ፣ አጥፌ በሻንጣ አደረግሁለት። መሣሪያዋንም ጨመርኩ።

አሁን ልጄ ጋ ነው። ባለሙያ ቤት ድረስ እየመጣ ያሠራዋል አሉ፤ ማንኪያ መያዝ ጀምሯል። ልጄ ታስታምመዋለች፣ ግን እንደ ድሮው አባዬ አትለውም፣ "አንተ" ብቻ ትለዋለች። ይህን ስትነግረኝ አለቀሰች። አብሬያት ላለቅስ ሞከርኩ። ጎረቤቶች ባሏን በሕመሙ ጣለችው ማለት ጀምረዋል፤ ያቺ የመረቀችኝ ሴትዮ ሰላምታ አቁማለች። ለአንድም ሰው አላስረዳሁም። አንቺም መሣሪያዋን አትጠይቂ፣ ጋሼሽንም ደውለሽ አጫውቺው። እኔ አልከፋም።

በሬን ቆልፌ እተኛለሁ። ሥራዬን እሠራለሁ። ትናንት ካውያው አንጓዬ ላይ ተጋድሞ ኖሯል፤ ጓደኛዬ ጮኻ እጄን ስትጎትተኝ ነው ያየሁት። ቆዳው ተልጧል፣ ክሬምሽን ቀባሁበት። አላመመኝም። ዛሬም አያመኝም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አንቺ በየቀኑ የምታዪው ነገር ስለሆነ። እናንተ ጋ ከሚመጡት ሰዎች መጀመሪያ የሚመለሰው የቱ ነው፣ መንቀሳቀሱ ነው መሰማቱ? መሰማቱስ ከዘገየ፣ ምን ያህል ጊዜ ይጠበቃል?

የምጠይቅሽ ለወንድምሽ አይደለም።

እታለም